ሦስት መቶ ግራም፦ ቀላል የትርዒት ሞዴል አውሮፕላን ለአርባ ምንጭ አየር መሥራትና ማጠናቀቅ

መግቢያ

በሽቦ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ሬዲዮ የለውም። አብራሪው በክቡ መካከል ቆሞ መያዣ ይጨብጣል፤ ከመያዣው የሚነሡ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች እስከ አውሮፕላኑ ግራ ክንፍ ይዘልቃሉ። አብራሪው የእጁን አንጓ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲያዘነብል አንደኛው ሽቦ ይሳባል፣ ሌላው ይላላል። በክንፉ ውስጥ ያለ ባለ ሦስት ማዕዘን ማንሻ ይህን ልዩነት በዘንግ አማካይነት ወደ ጅራት መሪው ያደርሳል፤ አውሮፕላኑም ይወጣል ወይም ይወርዳል። አውሮፕላኑ የሚንቀሳቀሰው የሽቦውን ርዝመት ሬዲየስ ባደረገ ግማሽ ሉል ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ወሰን ሊወጣ አይችልም።

ይህ የበረራ ዘዴ በአሜሪካ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲሆን፣ ጂም ዎከር የተባለው ሞዴል ሠሪ «ዩ-ኮንትሮል» በሚል ስም ለገበያ አቅርቦታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ኦልድሪች የነደፈው «ኖብለር» ደግሞ ለትርዒት በረራ ለሚሠሩ ሞዴሎች እንደ አብነት ይቆጠራል። ዛሬ ዘርፉ በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ሥር «ኤፍ-2-ቢ» በሚል ምድብ ይወዳደራል። ተወዳዳሪው ቀጥ ያለ በረራ፣ የግልብጥ በረራ፣ ክብና አራት ማዕዘን ቀለበቶች፣ እንዲሁም ስምንት ቁጥር የሚመስሉ ቅርጾችን በተወሰነ ቅደም ተከተል ያሳያል።

ለምህንድስና ትምህርት የዚህ ሞዴል ጥቅም ከስፖርቱ ይሰፋል። የነፋስ ዋሻም ሆነ ውድ የመለኪያ መሣሪያ በሌለበት ቦታ፣ የአየር ኃይሎችንና የቀላል መዋቅርን ጠባይ በእጅ ሠርቶ፣ በሚዛን መዝኖና በዐይን አይቶ ለመማር ያስችላል። ይሁን እንጂ ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ንድፍ እንዳለ ተገልብጦ በጋሞ ዞን ቢሠራ የሚጠበቅበትን ትርዒት አይፈጽምም። ምክንያቱ የአየሩ ስስነት ነው። ይህ መጣጥፍ ያንን ጉድለት በቁጥር ያሳያል፤ ጉድለቱን ለመሸፈን ከመዋቅሩና ከቅቡ ምን ያህል ክብደት መቀነስ እንደሚገባ ያሰላል፤ የአካባቢው ቁሳቁስ ለዚህ ምን እንደሚያበረክትም ይመረምራል።

ስስ አየር የሚያስከፍለው ዋጋ

ለምሳሌ የሚከተለው ሞዴል ይወሰድ፦ የክንፍ ርዝመቱ 1.4 ሜትር፣ የክንፍ ስፋቱ 0.42 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 1.6 ኪሎ ግራም። በ20 ሜትር ሬዲየስ አንዱን ዙር በ5.2 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ይህም በሰከንድ 24.2 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። በፍላፕ የታገዘው ክንፍ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ የማንሣት ኮፊሸንት 1.2 እንደሆነ ይታሰብ።

ክንፉ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ የማንሣት ኃይል ከአየሩ እፍጋት ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። በባሕር ጠለል፣ በመደበኛ ሁኔታ፣ የአየር እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 1.225 ኪሎ ግራም ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የሙቀት መጠኑ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስበት ቀን እፍጋቱ ወደ 1.0 ይወርዳል። በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጨንቻ፣ በ15 ዲግሪ እንኳ 0.88 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ክንፍ፣ በያው ፍጥነት፣ በባሕር ጠለል 181 ኒውተን፣ በአርባ ምንጭ 148 ኒውተን፣ በጨንቻ 130 ኒውተን ብቻ ማንሣት ይችላል።

አውሮፕላኑ ከቀለበቱ ግርጌ ሲታጠፍ ይህ ኃይል ሁለት ሥራ አለበት፦ ክብደቱን መሸከምና መንገዱን ማጠፍ። ከክብደቱ የተረፈው ኃይል የመታጠፊያውን ሬዲየስ ይወስናል። ለ1.6 ኪሎ ግራም ሞዴል አነስተኛው የመታጠፊያ ሬዲየስ በባሕር ጠለል 5.7 ሜትር፣ በአርባ ምንጭ 7.1 ሜትር፣ በጨንቻ 8.2 ሜትር ይሆናል።

እነዚህን ቁጥሮች ትርጉም የሚሰጣቸው የውድድሩ ሕግ ነው። ክብ ቀለበት ከደረጃ በረራ ከፍታ ተነሥቶ ጫፉ 45 ዲግሪ ላይ እንዲደርስ ይጠበቃል። በ20 ሜትር ሉል ላይ ይህ 7.6 ሜትር ያህል ሬዲየስ ያለው ክብ ነው። ስለዚህ ምሳሌው ሞዴል በጨንቻ ሕጉ የሚፈልገውን ቀለበት መሥራት ፈጽሞ አይችልም፤ በአርባ ምንጭም ቢሆን የሚቀረው ትርፍ እጅግ ጠባብ ነው። ከክብ ቀለበት ይበልጥ ሹል መታጠፊያ የሚጠይቁት አራት ማዕዘን ቅርጾች ደግሞ ጉድለቱን ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋሉ።

መፍትሔው ፍጥነትን መጨመር ይመስላል፤ ነገር ግን ፍጥነት ሲጨምር አውሮፕላኑን ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይልም አብሮ ያድጋል። ከክብደቱ ጋር የተያያዘው ጥቂት ጥቅም ሳይቆጠር፣ የሬዲየሱ ዋና ወሳኝ ፍጥነት ሳይሆን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ክንፍ ላይ የተጫነው ክብደት ነው። ክብደቱ ከ1.6 ወደ 1.3 ኪሎ ግራም ቢወርድ የአርባ ምንጩ ሬዲየስ 5.7 ሜትር ይሆናል፤ ይህም የከባዱ ሞዴል የባሕር ጠለል ሬዲየስ ነው። በጨንቻ ደግሞ ወደ 6.5 ሜትር ይወርዳል፤ የማይቻለው ቀለበት የሚቻል ይሆናል። በአጭሩ፣ የአርባ ምንጭ አየር ከሠሪው የሚጠይቀው ግብር 300 ግራም ነው።

የክብደት በጀት

ሦስት መቶ ግራም ከአንድ ክፍል አይገኝም። ሠሪው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ክፍል ክብደት መድቦ፣ ክፍሉ ባለቀ ቁጥር በሚዛን ማረጋገጥ አለበት። ለ1.3 ኪሎ ግራም ሞዴል የሚከተለው ድልድል ተገቢ ነው፦ ሞተር፣ ባትሪና መቆጣጠሪያ 560 ግራም፤ ክንፍ 260 ግራም፤ ገላ 190 ግራም፤ ጅራት 70 ግራም፤ የማረፊያ እግርና የመምሪያ ክፍሎች 100 ግራም፤ ልባስና ቅብ 120 ግራም።

የኤሌክትሪክ ሞተር የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር አየር ስለሚተነፍስ በስስ አየር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ባትሪ ግን ከፍታ አያውቅም። ሁለተኛ፣ የሜታኖልና የዘይት ድብልቅ ያልተሸፈነ እንጨትንና ብዙ ዓይነት ቀለምን ስለሚያበላሽ ነዳጅ የሚቋቋም ወፍራም ቅብ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሞዴል ይህ ሸክም የለበትም።

ከበጀቱ ውስጥ በሠሪው እጅ ያሉት ሁለት ታላላቅ ተለዋዋጮች የእንጨቱ እፍጋትና የቅቡ ውፍረት ናቸው። መዋቅሩ 2,500 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል እንጨት የሚፈጅ ከሆነ፣ በኪዩቢክ ሜትር 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን እንጨት 250 ግራም ይሆናል፤ 160 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ግን 400 ግራም። ልዩነቱ 150 ግራም ነው። ሌላው 150 ግራም፣ ከታች እንደሚታየው፣ በቅቡ ውስጥ ይገኛል።

እንጨት፣ አምባችና ቀርከሃ

የሞዴል ሠሪዎች የተለመደ እንጨት ባልሳ ነው፤ ተወላጅ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ዋናው የገበያ ምንጭ ኢኳዶር ናት። ባልሳ የሚመረጠው ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም። የአንድ ሰሌዳ የመታጠፍ ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ያድጋል፤ በመሆኑም ከሁለት እኩል ክብደት ካላቸው ሰሌዳዎች ቀላሉ እንጨት ወፍራም ስለሚሆን በጠባዩ ደካማ ቢሆንም እንደ ሰሌዳ ግን ይበልጥ ግትር ሊሆን ይችላል። ለክንፍ ሽፋንና ለገላ ጎኖች የሚፈለገው ይህ ጠባይ ነው።

በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ እንጨት ለእያንዳንዱ የተማሪ ፕሮጀክት ማቅረብ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ጥያቄው ወደ አካባቢው ቁሳቁስ ይመለሳል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳርቻ አምባች የሚባል፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድግ ተክል አለ። እንጨቱ ስፖንጅ መሰልና እጅግ ቀላል ነው፤ በቅለቱ ከባልሳ ጋር ይነጻጸራል። በሐይቆቹ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ግንዶቹን አጣምረው አፍንጫው ወደ ላይ የተቀሰረ ጀልባ ይሠሩበታል። በሥራቸው ውስጥ ያለው ዕውቀት ለአውሮፕላን ሠሪም ይጠቅማል፦ የአምባች ጀልባ የሚንሳፈፈው እንደ ብረት ጀልባ ውሃን በጎድጓዳ ቅርጹ ገፍቶ ሳይሆን በእንጨቱ ቅለት ነው፤ እንጨቱ ውሃ በጠጣ መጠን ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ለሞዴል የሚውል አምባች ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ በጥላ ሥር መድረቅ፣ ከደረቀ በኋላም እርጥበት እንዳይመለስበት በስሱ መታሸግ ይኖርበታል።

አምባች ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን ጭነት ተሸካሚ ሊሆን አይገባም። ተገቢ ቦታው መካከል ነው፤ ማለትም በሁለት ስስ የወረቀት ወይም የእንጨት ገጾች መካከል እንደ ልብ ሆኖ ገጾቹን አራርቆ መያዝ። የክንፍ ጫፎች፣ የጅራት ሰሌዳዎችና የገላው የላይኛው ጉልላት ለዚህ ይመቻሉ። ምርጫው በግምት ሳይሆን በሚዛን ይደረጋል፦ 2 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ናሙና 40 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 4 ግራም ከመዘነ እፍጋቱ 100፣ 6 ግራም ከመዘነ 150 ኪሎ ግራም በኪዩቢክ ሜትር ነው። ከዚያም በሁለት ድጋፎች ላይ አስተኝቶ መካከሉ ላይ ክብደት በመስቀል የጎበጠውን መጠን መለካት የግትርነቱን ዋጋ ይሰጣል። ለዚህ ፈተና ከትክክለኛ ሚዛንና ከማስመሪያ በላይ መሣሪያ አያሻም።

ጭነቱን የሚሸከመው የክንፉ ዋና ዘንግ ነው። ለዚህ ከጋሞ ደጋማ ቦታዎች የሚገኘው የደጋ ቀርከሃ እጩ ይሆናል። የ148 ኒውተን ከፍተኛ የማንሣት ኃይል በክንፉ ላይ እኩል ቢሰራጭ በክንፉ መካከል 26 ኒውተን ሜትር ያህል የመጉበጥ ሞመንት ይፈጥራል። በላይኛውና በታችኛው የቀርከሃ ዘንግ መካከል ያለው ርቀት 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ላይ 580 ኒውተን ያህል ግፊት ወይም ጉተታ ያርፋል። 3 ሚሊ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ይህን በካሬ ሚሊ ሜትር በ39 ኒውተን ይሸከመዋል። ሁለቱ ዘንጎች በሙሉ ርዝመታቸው 30 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናሉ።

ቀርከሃ ጉተታን በእጅጉ ይቋቋማል፤ ግፊትን ግን በዚያ መጠን አይቋቋምም። በተራ አውሮፕላን የታችኛው ዘንግ ዘወትር ስለሚጎተት ሊቀጥን ይችላል። የትርዒት አውሮፕላን ግን በግልብጡም በቀጥታውም እኩል ስለሚታጠፍ እያንዳንዱ ዘንግ በተራው ይገፋል። ስለዚህ ሁለቱም ለግፊት መለካት፣ እንዳይንጋደዱም በየአጥንቶቹ መካከል በቀጭን ሰሌዳ መያያዝ አለባቸው።

ክብደት ሳይጨምሩ ጥንካሬን ከቅርጽ ማግኘት በጋሞ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተሸመነ፣ በደረቅ የቀርከሃ ሽፋንና በእንሰት ቅጠል የሚለበስ ጉልላት ነው። ምስጥ ግርጌውን ሲበላው ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተጋግዘው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ጥንካሬው ከእያንዳንዱ ስንጣቂ ውፍረት ሳይሆን ከጉብጠቱና ከሽመናው የመነጨ ነው። በሞዴሉ ክንፍ ላይም ከፊት ጠርዝ እስከ ዋናው ዘንግ ድረስ ያለው የታጠፈ ስስ ሽፋን ከዘንጉ ጋር ተዳምሮ የተዘጋ ቱቦ ይሆናል፤ ክንፉ እንዳይጠማዘዝ የሚከለክለው ይህ ቱቦ ነው።

የመገጣጠም ሥርዓት

ክንፉ የሚገጣጠመው ፍጹም ጠፍጣፋ በሆነ ሰሌዳ ላይ ነው። ጠማማ ክንፍ በኋላ በቅብ አይቃናም። አጥንቶቹ የላይና የታች ቅርጻቸው እኩል ነው፤ ውፍረታቸውም ከስፋታቸው 17 ወይም 18 በመቶ ገደማ ቢሆን ለዝግተኛና ጥብቅ መታጠፊያ ይስማማል። ሙጫ ክብደት መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ በደንብ የተገጠመ መጋጠሚያ ጥቂት ሙጫ ይበቃዋል፣ ክፍተትን በሙጫ መሙላት ግን ክብደትን እንጂ ጥንካሬን አይጨምርም።

ባለ ሦስት ማዕዘኑ ማንሻ ክንፉ ሳይለበስ በፊት ይተከላል፤ መሠረቱም ከዋናው ዘንግ ጋር በጽኑ ይታሰራል። አውሮፕላኑ በደረጃ በረራ ላይ ሽቦዎቹን በ47 ኒውተን ያህል፣ ማለትም የክብደቱን ሦስት እጥፍ በሚሆን ኃይል ስለሚጎትት (ለ1.6 ኪሎ ግራሙ ሞዴል)፣ እዚህ ቦታ ላይ ክብደት መቆጠብ አይፈቀድም። ሁለት 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የ20 ሜትር ሽቦዎች 39 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ግማሹ በግራ ክንፍ ላይ ስለሚንጠለጠል በቀኝ ክንፍ ጫፍ ጥቂት ማመጣጠኛ ክብደት ይቀመጣል።

የክብደት ቦታም ከመጠኑ እኩል ያስፈልጋል። ጅራቱ ከስበት ማዕከሉ 75 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ አፍንጫው 27 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢርቅ፣ በጅራት ላይ ያለአግባብ የተጨመረ 10 ግራም ለማመጣጠን በአፍንጫ ላይ 28 ግራም እርሳስ ይጠይቃል። አሥር ግራም ሠላሳ ስምንት ግራም ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቀላሉ እንጨት ለጅራት፣ ስሱ ቅብም ለጅራት ይመደባል።

አጨራረስ፦ ክብደት ሳይታይ የሚመለስበት ቦታ

በመዋቅሩ በብዙ ድካም የተቆጠበው ክብደት በብዛት የሚመለሰው በቅብ ወቅት ነው። የምሳሌው ሞዴል ጠቅላላ ገጽ 1.4 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 25 ማይክሮን ውፍረት ያለው የደረቀ ቅብ በካሬ ሜትር 30 ግራም ገደማ፣ በጠቅላላው ገጽ ላይ 42 ግራም ይመዝናል። የ120 ግራም በጀት ከስስ ልባስ ወረቀቱ 20 ግራም ሲቀነስ 100 ግራም ይቀራል፤ ይህም 60 ማይክሮን ያህል፣ ከአንድ ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ጠቅላላ ቅብ ነው። ስድስት ሙሉ ድርብርብ ሳይታሹ ቢቀሩ 250 ግራም ይሆናሉ፤ አብዛኛው ግብር እዚህ ይባክናል።

ስለዚህ የአጨራረስ ጥበብ መቀባት ሳይሆን ማንሣት ነው። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይካሄዳል። በመጀመሪያ እንጨቱ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ይታሻል፤ በእንጨቱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ጭረት በኋላ የሚሞላው በከባድ ቅብ ነውና። ቀጥሎ ዶፕ የሚባለው የናይትሮሴሉሎስ ቅብ በቀጭኑ ተበጥብጦ ይቀባል። በላዩ ስስ ወረቀት ይለበሳል፤ ዶፑ ሲደርቅ ወረቀቱን ስለሚወጥረው ልባሱ ራሱ የመዋቅሩ አካል ይሆናል። ከዚያም ቀዳዳዎችን ለመሙላት ታልክ የተቀላቀለበት ዶፕ ተቀብቶ ወረቀቱ እስኪታይ ድረስ እንደገና ይታሻል። የሚፈለገው በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው እንጂ በገጹ ላይ የተከመረው አይደለም። ቀለሙ የሚረጨው አንድ ጊዜ በስሱ ነው። ነጭና ቢጫ የሥሩን መልክ ለመሸፈን ወፍራም ድርብርብ ስለሚፈልጉ በጠቅላላው ገጽ ላይ ሳይሆን ለጌጥ መስመር ብቻ ቢውሉ ይመረጣል።

የጋሞ ሸማኔዎች ሥራ ለልባስ ይውል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በእጅ የተሸመነ የጥጥ ነጠላ ለዚህ መጠን ሞዴል ይከብዳል፤ ክሩም ዶፕ በብዛት ይጠጣል። እንደ ሐር ያለ ቀጭን ክር በያው የሽመና ጥበብ ቢሠራ ግን ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሚዛን ሊፈተን የሚገባው ጥያቄ ነው።

የአርባ ምንጭ አየር በቅብ ሥራም ላይ ጫና አለው። በሙቀት ጊዜ አሟሚው ፈሳሽ በፍጥነት ስለሚተን ገጹ ይቀዘቅዛል፤ እንደ ሚያዝያና ግንቦት ባሉ የዝናብ ወራት ደግሞ በአየሩ ያለው እርጥበት በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ቅቡን ያነጣዋል። ዝግ ብሎ የሚተን አሟሚ መጠቀምና ደረቅ ሰዓትን መምረጥ ይህን ይከላከላል። የዶፕ ትነት ተቀጣጣይና ለጤና ጎጂ ስለሆነ ሥራው ነፋስ በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ መከናወን አለበት። በበረራ ጊዜም የብረት ሽቦ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሜዳው ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ፣ ሰማዩም ከመብረቅ ነፃ መሆን ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ቅለት የአንድ ውድ ቁሳቁስ ስጦታ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ክፍል የሚሰበሰብ የጥቂት ግራሞች ድምር ነው። በባሕር ጠለል 1.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞዴል ሊያልፍ ይችላል፤ በአርባ ምንጭ ያንኑ ትርዒት ለማሳየት 1.3 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል፤ በጨንቻ ደግሞ ከባዱ ሞዴል ክብ ቀለበቱን እንኳ አይዘጋም። ከሚቀነሰው 300 ግራም ግማሹ በእንጨት ምርጫ፣ ግማሹ በቅብ ቁጥጥር ሊገኝ ይችላል።

ቀጣዩ ሥራ መለካት ነው። የአምባች እፍጋትና ግትርነት ከግንዱ ሥር እስከ ጫፍ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ በደረቀና በታሸገ ጊዜ ምን ያህል እርጥበት እንደሚመልስ፣ የደጋ ቀርከሃ ዘንግ ከግፊት ወደ ጉተታ በሚመላለስ ጭነት ስንት ጊዜ እንደሚጸና፦ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ዲፓርትመንት ቤተ ሙከራ፣ በጥቂት ወጪ ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው። ናሙናው ሲሰበሰብም ተክሉ በቅድሚያ የጀልባ ሠሪዎቹ መተዳደሪያ መሆኑን ማክበርና ከእነርሱ ጋር መሥራት ይገባል፤ የትኛው ግንድ ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደሆነ በመጀመሪያ ሊጠየቁ የሚገባቸው እነርሱ ናቸውና።